ወጥመዱ ሞላ፣ ማንጎው ተላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ፍራፍሬ ዝንብ ጥቂት መስመር ጽፌ ነበር፤ የመጣው ደብዳቤ ከዝንቡ በዛ። ሁሉንም ማስተናገድ አልቻልኩም። "ምን ልርጭ?" ብለው ብቻ የጻፉልኝን አልፌያቸዋለሁ። ዝንቡ የትኛው እንደሆነ፣ የት እንደሚያርፍና ምን ሲያደርግ እንደታየ ሳይነገረኝ መድኃኒት ማዘዝ አልወድም።

ደብዳቤዎቹ ሁለት የተለያዩ ዝንቦችን ስለሚቀላቅሉ ይህን ብቻ አስቀድሜ ልበል። ኩሽና ውስጥ ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው፣ ዓይኗ ቀላ ያለው ደቃቃ ዝንብ ድሮሶፊላ ናት። ዛፍ ላይ ያለን ጤነኛ ፍሬ ወግታ እንቁላል የምትጥለው ደግሞ ከእሷ የምትገዝፍ፣ ብዙ ጊዜ ክንፏ ዝንጉርጉር የሆነ፣ ከሌላ ቤተሰብ የመጣች ዝንብ ናት። ዝምድናቸው የሩቅ ነው፤ አመላቸውም ለየቅል ነው።

ጥያቄ፦ ውድ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የማንጎ እርሻ አለኝ። አንድ ባለሙያ መክሮኝ ሜቲል ዩጂኖል የሚባል የዝንብ ማማለያ ሽታ የተነከረ ጥጥ ያለባቸውን ወጥመዶች በየዛፉ ሰቀልኩ። ወጥመዱ በዝንብ ይሞላል፤ ስደፋው እንደገና ይሞላል። ማንጎዬ ግን እንደ ድሮው ትል በትል ነው። ወጥመዱ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ተሸውጄ ይሆን?
የማንጎ አትክልተኛ

መልስ፦ አልተሸወዱም። ወጥመዱ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው፤ እርስዎ ግን የጠበቁበት ሌላ ሥራ ነው። እስቲ ጥቂት ዝንቦች አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ ይዘርግፏቸውና በማጉያ መነጽር የሆዳቸውን ጫፍ ይመልከቱ። የሴቷ እንደ መርፌ ሾሎ ይወጣል፤ የወንዱ ድቡልቡል ነው። ሾል ያለውን ፈልገው ቢያጡ አይገረሙ። ሜቲል ዩጂኖል የሚስበው ወንዶቹን ነው። ማንጎዎን የምትወጋው ሴቷ ስትሆን እሷ ለዚያ ሽታ ደንታም የላት።

ወንዱን እንዲህ የሚያሳብደው ምንድን ነው? የእርስዎ ዝንብ እንደምገምተው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የሚባለው የፍራፍሬ ዝንብ ከሆነ፣ ወንዱ ይህን ንጥረ ነገር በተፈጥሮ ከአንዳንድ አበቦች፣ ለምሳሌ ቡልቦፊለም ከሚባሉት ኦርኪዶች ይልሰዋል። የላሰውን ሰውነቱ ለውጦ ሆዱ መጨረሻ ባለ ዕጢ ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ ሲመሽ ክንፉን እያርገበገበ ወደ አየር ይለቀዋል። የላሰውን ወንድ ሴቶቹ ካልላሰው አብልጠው ይመርጡታል። ያ ጥጥ እንግዲህ ለወንዱ ሽቶ ቤት ነው። ከዚህ የሚከተል አንድ ጣጣም አለ፤ አንዴ የጠገበ ወንድ ለተወሰኑ ቀናት ወደ ጥጡ የመምጣት ፍላጎቱ ይቀንሳል። ወጥመዱ ባዶ ሆነ ማለት ወንድ የለም ማለት አይደለም።

"ወንዱ ካለቀ ሴቷ ከማን ትፀንሳለች?" ይሉኝ ይሆናል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ተሞክሮም ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሮታ በምትባል ትንሽ የፓስፊክ ደሴት ላይ ሜቲል ዩጂኖልና ፀረ ተባይ የጠጡ የጣውላ ቁርጥራጮች ከአውሮፕላን እየተበተኑ ይህ ዝንብ ከደሴቲቱ ጠፋ። ሮታ ግን ዙሪያዋን ውቅያኖስ ነው። የእርስዎን እርሻ የሚከብበው የጎረቤት ዛፍ ነው። ከዚያ የምትመጣው ሴት ብዙ ጊዜ አስቀድማ የተገናኘች ናት፤ የወንዱን ዘር በሰውነቷ አኑራ ለቀጣዮቹ እንቁላሎቿ ሁሉ ትጠቀምበታለች። የተረፈ አንድ ወንድም ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ተገናኝቶ አያርፍም። ጥቂት ወጥመድ ሰቅሎ ወንዱን መጨረስ ስለዚህ አይታሰብም።

ታዲያ ሴቷን በምን እንያዛት? በሆዷ ነው። ከአፈር ስትወጣ የሚጣል እንቁላል ገና የላትም። እንቁላሏ እንዲበስል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ፣ ቅጠል ለቅጠል እየዞረች የወፍ ኩስ፣ ቅጠል ላይ ያሉ ባክቴሪያዎችና ሌሎች ነፍሳት የሚያንጠባጥቡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ትልሳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ለእኛ ይህን ያህል የምትመች ጊዜ የላትም። ከእርሾ የተሠራ የፕሮቲን ማባበያ ጥቂት ፀረ ተባይ ተቀላቅሎበት በየዛፉ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ስፒኖሳድ የሚባለው፣ ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኘው፣ ለዚህ የተለመደ ነው። ፍሬው ላይ አይረጭም፤ ዛፉንም ማልበስ አያስፈልግም። በየሳምንቱ ይደገማል፤ ዝናብ ካጠበው ወዲያው ይደገማል። ዋናው ግን ጊዜው ነው። ፍሬው ሲቀላ የሚጀምር ሰው ዘግይቷል፤ ሴቷ ገና አረንጓዴ ሳለ ትወጋዋለች። ማንጎው መብሰል ሊጀምር ሳምንታት ሲቀሩት ይጀምሩ።

ዛፉን ከአናቱ እስከ ሥሩ በመርዝ አጥቡት የሚሉ አሉ። ትሉ ፍሬው ውስጥ ነው፤ የሚቀጥለው ትውልድ አፈር ውስጥ ነው፤ መርዙ የሚያገኘው ቅጠሉ ላይ ዝንቡን እያደኑ ሲበሉ የነበሩትን ጉንዳኖችና ተርቦች ነው። ጉንዳን ካነሳሁ ቤኒን ውስጥ ቅጠል እየሰፉ ዛፍ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ጉንዳኖች ባሉባቸው የማንጎ ዛፎች የዝንብ ጉዳት በእጅጉ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚገርመው ጉንዳኑ ዝንቡን መብላቱ ብቻ አይደለም። ጉንዳን የተመላለሰበት ፍሬ፣ ጉንዳኑ ከሄደ በኋላም፣ ሴቷን ያስጠላታል፤ ታርፋለች፣ ትንሽ ትራመዳለች፣ ሳትወጋ ትነሳለች። ለቃሚዎቹን እንደሚነክሷቸው አውቃለሁ፤ እኔንም ነክሰውኛል። ቢሆንም አላጠፋቸውም።

ወጥመዶቹንም አይጣሉ። ጥቂቱን ይተዉና በየሳምንቱ የገባውን ዝንብ ቆጥረው ይመዝግቡ። ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር የፕሮቲኑ ጊዜ ደርሷል። ወጥመዱ የተሻለ የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ የእሳቸው የወደቀ ማንጎ ሜዳ ላይ እየበሰበሰ እርስዎ ብቻዎን ቢደክሙ ትርፉ ድካም ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 11 ነው። ዝንብ በእጄ ለመምታት ስሞክር ሁልጊዜ ታመልጠኛለች። እኔ ቀርፋፋ ነኝ ወይስ እሷ አስማተኛ ናት?

መልስ፦ አንተ ቀርፋፋ አይደለህም፤ እሷ ቀድማ ተዘጋጅታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ግዊኔት ካርድና ማይክል ዲኪንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ድሮሶፊላን በጣም ፈጣን በሆነ ካሜራ ቀረጿት። አደጋ ከፊቷ ሲመጣ መካከለኛ እግሮቿን ወደፊት አምጥታ ሰውነቷን ወደኋላ ታዘነብላለች፤ ከዚያ ወደኋላ ትዘላለች። ከጎን ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ትዘጋጃለች። ይህ ሁሉ በሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ያልቃል፤ ክንፏን ገና አልዘረጋችም። ስለዚህ ያለችበትን ቦታ አትምታ። ከየት እንደምትመጣባት አስበህ የምትዘልበትን ቦታ ምታ። ካገኘሃት ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ፍራፍሬውን ሁሉ አውጥቼ ጣልኩ፤ ደቃቃዎቹ ዝንቦች ግን ከኩሽና አልወጡም። አቼቶ (ኮምጣጤ) በብርጭቆ አስቀመጥኩላቸው፤ አፉ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ እንጂ አይገቡም። ከፍሬው ውስጥ ራሱ ነው የሚፈጠሩት የሚሉኝ አሉ። ግራ ገባኝ።
ኩሽናዬ የተወረረብኝ

መልስ፦ ከምንም አይፈጠሩም፤ እናታቸው እንቁላል ጥላ ነው። ፍሬውን መጣልዎ ያልበቃው ድሮሶፊላ ዋናው ፍላጎቷ ፍሬው ስላልሆነ ነው። ስዊድን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የሚስባት ፍሬው ላይ የሚበቅለው እርሾ ነው፤ ትሎቿም የሚያድጉት በእርሾ ነው። እርሾ ደግሞ በጠርሙስ ቂጥ የቀረ ጭማቂ፣ ያልደረቀ መወልወያ፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ሥር የፈሰሰ ነገር፣ ከረጢት ውስጥ የተረሳ ሽንኩርት ላይም ይኖራል። እነዚህን ይፈትሹ። የውኃ መውረጃውን ደግሞ በፈላ ውኃና በብሩሽ ያጽዱት።

አቼቶው ውስጥ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይጨምሩ። ያለ ሳሙና የፈሳሹ ገጽ ይሸከማታል፤ ጠጥታ ትሄዳለች። ሳሙናው ያንን ገጽ ያላላዋል፤ ስታርፍ ትሰጥማለች። አፉ ላይ ከወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ እንቡቶ፣ ጠባቡ ቀዳዳ ወደ ታች ሆኖ፣ ይግጠሙበት፤ የገባችው መውጫው ይጠፋባታል። ፈሳሹን ሳይሻግት ይቀይሩት። ድሮሶፊላ ጂኦስሚን የሚባለውን የሻጋታ ሽታ ብቻ ለይቶ የሚነግራት የነርቭ መስመር አላት፤ ሲሸታት ምግብ ቢሆንም ትሸሻለች።

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ይፈጅባታል። ዝንብ አጣሁ ብለው በማግስቱ ወጥመዱን አያንሱ፤ ሁለት ሳምንት ይታገሱ።

ጥያቄ፦ በጨረር የመከኑ ዝንቦች በአውሮፕላን እንደሚለቀቁ ሰማሁ። እውነት ነው? ያረፉበትን ፍሬ ብንበላ ጨረሩ አይተላለፍብንም? ደግሞስ ዝንብ በሞላበት ላይ ዝንብ መጨመር ምን የሚሉት ጥበብ ነው?
ተጠራጣሪ

መልስ፦ እውነት ነው፤ አይተላለፍም፤ ጥበቡም ደህና ጥበብ ነው። ጨረሩ በዝንቡ ሰውነት አልፎ የዘሩን ክሮሞሶም ይሰባብራል እንጂ ውስጡ አይቀመጥም። ከመከነ ወንድ ጋር የተገናኘች ሴት እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ግን አይፈለፈልም። ሐሳቡን ወደ ተግባር ያደረሰው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኒፕሊንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ኩራሳዎ በምትባል የካሪቢያን ደሴት ላይ የከብት ቁስል የሚበላው የዝንብ ትል በዚህ ዘዴ ጠፋ።

በፍራፍሬ ዝንብ ላይ አንድ ችግር ነበር። የመከነች ሴት ልጅ አትወልድም፤ ፍሬ መውጋቷን ግን አትተውም። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ የሚባለውን በተመለከተ መላው ከቪየና አጠገብ ካለው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቤተ ሙከራ መጣ። በዘር ምርጫ፣ የሴቶቹ እንቁላል ለ24 ሰዓት 34 ዲግሪ ሙቀት ሲያገኘው የሚሞትበት ዝርያ ተዘጋጀ። የሚተርፈው ወንድ ብቻ ነው። ጓቴማላ ውስጥ ኤል ፒኖ የሚገኘው ፋብሪካ በሳምንት ከ1 ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ወንዶችን የማምረት አቅም አለው።

እኔን የሚማርከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የዱር ወንዶች አንድ ዛፍ ላይ ተሰብስበው እያንዳንዱ የራሱን ቅጠል ይይዛል፤ ከቅጠሉ ሥር ሆኖ የሆዱን ጫፍ ቀና አድርጎ ሽታ ይለቃል። ሴት ስትመጣ ፊቱን ወደ እሷ ያዞራል፤ ክንፉን ያርገበግባል፤ ቀጥሎ ራሱን ግራና ቀኝ ያወዛውዛል። እሷ ቆማ ታየዋለች። ብዙ ጊዜ ታየውና ትሄዳለች። ፋብሪካ ውስጥ፣ በጠባብ ሳጥን ተጨናንቆ ለትውልዶች የተራባ ወንድ ይህን ሥርዓት ያጎድላል፤ ይቸኩላል። የዱሯ ሴት ደግሞ ለችኩል ፊት አትሰጥም። ሃዋይ ውስጥ ቶድ ሸሊና ባልደረቦቹ የፋብሪካ ወንዶችን የዝንጅብል ሥር ዘይት ሽታ ሲያሸቷቸው ተቀባይነታቸው ከፍ አለ። ዛሬ ከመለቀቃቸው በፊት በዝንጅብል ዘይት ማጠን በአንዳንድ ፋብሪካዎች የዘወትር ሥራ ሆኗል።

ጃፓኖች ኦኪናዋ ላይ የሐብሐብና የዱባ ዝርያዎችን የሚያጠቃውን ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያጠፉ ከ50 ቢሊዮን በላይ መካን ዝንቦች ለቀዋል። በመሃል ላይ ግን የፋብሪካውን ወንድ ለይተው እምቢ የሚሉ የዱር ሴቶች ብቅ ማለታቸውን ተመራማሪዎቹ አስተውለው ነበር። ስለዚህ "ዝንብ መጨመር" ያሉት ነገር የቁጥር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። ሴቷ ካልተቀበለችው ቢሊዮኑም አይጠቅም።

ጥያቄ፦ የዝንብ አእምሮ፣ የዝንብ እንቅልፍ፣ የዝንብ ፍቅር እያሉ የሕዝብ ገንዘብ የሚጨርሱት ምሁራን ገበሬውን ምን ጠቀሙት?
ግብር ከፋይ

መልስ፦ ደብዳቤዎ ቁጣ አለበት፤ ጥያቄው ግን ተገቢ ነው። የዘር ውርስ ተመራማሪው ቶማስ ሀንት ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1910 ከቀይ ዓይናሞች መሃል አንድ ነጭ ዓይን ያለው ድሮሶፊላ ሲያገኝ ማንም ገበሬ አልተጠቀመም። ሮናልድ ኮኖፕካና ሲሞር ቤንዘር እ.ኤ.አ. በ1971 የቀን ሰዓታቸው የተዛባ ዝንቦችን ሲያገኙም ያው ነበር፤ የአንዱ ቀን 19 ሰዓት፣ የሌላው 28 ሰዓት፣ ሦስተኛው ጭራሽ ሰዓት የለሽ። እነሱ ባመለከቱት ዘረመል ላይ ሠርተው የሰውነት ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን ወደ ኦኪናዋው ዝንብ ይመለሱ። ይህ ዝንብ የሚጣመረው ሲመሽ ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ቶሎ የሚያድጉትን እየመረጡ ሲያራቡ የዝንቡ የሰውነት ሰዓት አብሮ አጠረ፤ ዝንቦቹም ከሌሎቹ ቀድመው መጣመር ጀመሩ። ፋብሪካ ደግሞ ሳያስበውም ቢሆን ቶሎ የሚያድገውን ይመርጣል። የፋብሪካው ወንድ ጨርሶ ሲያርፍ የዱሯ ሴት ገና ሰዓቷ አልደረሰም ማለት ነው። ያ የቤንዘር "ሥራ ፈት" ጥናት ባይኖር ይህን ማን ይጠረጥር ነበር?

ሌላም አለ። የፖም ዝንብ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መርፌዋን ፍሬው ላይ እየጎተተች ትዞራለች፤ "ተይዟል" የሚል ሽታ ትተዋለች፤ ሌሎቹ ይርቃሉ። ይህን ያየው ሮናልድ ፕሮኮፒ ነው፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ዝንብ በዓይኑ ሲከተል የሚውል ሰው ነበር። ሙጫ የተቀባ ቀይ ኳስ ሰቅሎ ያቺኑ ዝንብ መያዝን ያስተማረንም እሱ ነው፤ ፍሬ መስሏት ታርፍበታለች። የቼሪ ዝንብን ምልክት ሽታ ደግሞ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ዛፍ ላይ ረጭተው ጉዳቱ ሲቀንስ አይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውን 139,255 የነርቭ ሴሎች ያሉትን የድሮሶፊላ አእምሮ ሙሉ ካርታ በተመለከተ ግን ለገበሬው ምን እንደሚያመጣ ዛሬ ልንገርዎ ብል መዋሸት ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2008 አውሮፓና አሜሪካ የታየችው፣ መጋዝ በመሰለ መርፌዋ ያልተበላሸ የቤሪ ፍሬ የምትሰነጥቀው ድሮሶፊላ ሱዙኪ የዚህችው የቤተ ሙከራ ዝንብ ዘመድ ናት። ሰዎቹ ካርታውን ይዘው ወደ እሷ መሄዳቸው አይቀርም።

ጥያቄ፦ የወደቀውንና የተላውን ፍሬ በየቀኑ እየለቀምኩ እቀብራለሁ። ሆኖም ከቀበርኩበት አፈር ዝንብ ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ። ይቻላል?
ቆፋሪው

መልስ፦ ይቻላል፤ በትክክል አይተዋል። ትሉ መጀመሪያውንም ቅርፊት ለብሶ የሚተኛው አፈር ውስጥ ነው፤ አፈር ቤቱ ነው። ዝንቡ ሲፈለፈል ግንባሩ ላይ እየተነፋና እየተኮማተረ አፈሩን የሚገፋ ፊኛ አለው፤ በእሱ እየገፋ ይወጣል። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ አያግደውም። ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይቆፍሩና አፈሩን ረግጠው ያጠቅጥቁት። መቆፈር ከሰለቸዎት በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አጥብቀው አስረው ፀሐይ ላይ ይተዉት፤ ሙቀቱ ትሉን ይገድለዋል።

ከሁለቱ ይልቅ እኔ የምወደው ሃዋይ ውስጥ የተሠራውን የመረብ ድንኳን ነው። የተለቀመው ፍሬ ውስጡ ይከመራል። የመረቡ ዓይን ዝንቡን አያሳልፍም፤ የዝንብ እንቁላል ውስጥ የራሷን እንቁላል የምትጥለው ደቃቃ ተርብ፣ ፎፒየስ አሪሳኑስ፣ ግን ታልፍበታለች። ዝንቡ ታስሮ ይሞታል፤ ተርቧ ወጥታ ወደ ዛፍዎ ትመለሳለች። የድንኳኑን ግርጌ ዙሪያውን በአፈር ይጫኑት፤ ስፌቱንም በየሳምንቱ ይፈትሹ። አንድ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ካለበት የዝንብ ማራቢያ ሠሩ ማለት ነው።